አይላ ላይ ጭስ ፍለጋ፦ የጥቅምት የጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ

ግላስጎው ላይ መኪና ተከራይተን ገና ሳይነጋ ወጣን። ሹፌሩ ጋሼ ናቸው፣ የባለቤቴ አጎት፣ ስኮትላንድ የገቡት እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ነው፣ እና እኔ መሪ ስይዝ ዳሽቦርዱን ጨምድደው መጸለይ ስለሚጀምሩ መንዳቱን ለእሳቸው ለቅቄያለሁ። የምንሄደው አይላ ነው። ለማታውቁት፣ አይላ በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ያለች 3 ሺህ ምናምን ሰው የሚኖርባት ደሴት ናት፣ ሆኖም አስር የሚሰሩ ውስኪ ማውጫዎች አሏት፣ ብዙዎቹ ደግሞ የሚታወቁት ጭስ ጭስ በሚል ውስኪያቸው ነው።

እኔን የያዘኝ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። ይሄ ጭሳም ውስኪ ያልተለመደ በርሜል ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? ሮም የሚባለው የሸንኮራ አገዳ መጠጥ በርሜል፣ የሜክሲኮው የተኪላ፣ የጣፋጭ ወይን፣ የጊነስ ቢራ በርሜል ሳይቀር አለ አሁን። ሱቅ ስትገቡ መደርደሪያው በእነዚህ ነገሮች ተሞልቷል፣ እኔም ግማሹ የምር ግማሹ ማርኬቲንግ ነው እያልኩ ስጠራጠር ቆይቼ እስቲ ሄጄ በራሴ ምላስ ልለየው ብዬ ነው የተነሳሁት። ጋሼ ግን በነገሩ አያምኑም፣ እሳቸው የጆኒ ዎከር ብላክ ሌብል ጠጪ ናቸው፣ ሰርግም ቢሆን ክርስትናም ቢሆን ብላክ ሌብል፣ "ውስኪ ውስኪ ነው፣ የምን በርሜል መምረጥ ነው እሱ" አሉኝ ሎክ ሎመንድ ሐይቅን ገና ሳናልፍ።

መንገዱ ቆንጆ ነው፣ ሐይቁ በቀኝ፣ ከዛ ዳገቱ፣ ከዛ ኢንቨሬሪ የምትባል ነጭ በነጭ የሆነች ከተማ ላይ ሻይ፣ ከዛ እንደገና ውሃ ውሃ ውሃ። ኬናክሬግ ስንደርስ ወደብ ነው ተብሎ የጠበቅነው ነገር የመኪና ማቆሚያና አንድ ቢሮ ብቻ ነው። ፌሪው አይላ ላይ ወዳለችው ፖርት ኤለን 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ጋሼ ውስጥ ገብተው ሻይ ያዙ፣ እኔ ውጪ በንፋስ ቆሜ ቀረሁ ምክንያቱም መግቢያው ላይ የሚታየው ነገር እንዳያመልጠኝ ፈርቼ፤ ደሴቷን እየተጠጋህ ስትሄድ ባህሩ ዳር ላይ ነጭ ግድግዳ ያላቸው መጋዘኖች ብቅ ይላሉ፣ ግድግዳው ላይ ከመርከብ በሚነበብ ትልቅ ጥቁር ፊደል አርድቤግ፣ ቀጥሎ ላጋቩሊን፣ ቀጥሎ ላፍሮይግ ተብሎ የሦስቱ ማውጫዎች ስም ተጽፏል።

ማታ ፖርት ኤለን አንድ መጠጥ ቤት ገባን። መጀመሪያ የተለመደውን ልንገራችሁ፣ ያልተለመደው እንዲገባችሁ። አሜሪካኖች ቡርቦን የሚሉትን ውስኪያቸውን ለመስራት አዲስ፣ ውስጡ በእሳት የተለበለበ የኦክ መያዣ መጠቀም በህግ ግዴታቸው ነው፣ ስለዚህ አንዴ የሰሩበትን በርሜል ለቡርቦን አይደግሙትም፣ እና ይሄ 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ በርሜል ባህር ተሻግሮ ስኮትላንድ ይመጣል። ሁለተኛው የሼሪ ነው፣ የስፔን ወይን፣ ትልቁ 500 ሊትር ይይዛል። ድሮ ሼሪው በበርሜል ተጭኖ እንግሊዝ ይመጣና ባዶው ለውስኪ ይቀር ነበር፣ አሁን ሼሪ እዛው ስፔን ነው የሚታሸገው፣ ስለዚህ የውስኪ ሰዎች በርሜሉን አሰርተው ሼሪ አስሞልተው ካከረሙ በኋላ ነው የሚያስመጡት። ከእነዚህ ከሁለቱ ውጪ ያለው ነው እንግዲህ እኔ የምፈልገው። ህጉ ስኮች ለመባል ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከ700 ሊትር ያልበለጠ የኦክ በርሜል ውስጥ፣ ቢያንስ 3 ዓመት መክረም አለበት ይላል፣ ሲታሸግም አልኮሉ ከ40 ፐርሰንት አያንስም። ውሃና የካራሜል ቀለም ካልሆነ በስተቀር ሌላ ምንም አይጨመርበትም፣ ስለዚህ ሰዎቹ አዲስ ጣዕም ሲያምራቸው ያላቸው መጫወቻ በርሜሉ ነው።

ባለ መጠጥ ቤቱ ጥያቄዬን ሲሰማ ሳቀና ላጋቩሊን በጊነስ በርሜል የጨረሰውን አወረደልኝ። 11 ዓመት የሆነው ነው፣ ኒክ ኦፈርማን ከሚባለው አሜሪካዊ ተዋናይ ጋር ሆነው በ2021 ያወጡት፣ መጨረሻ ላይ አራት ወር ሜሪላንድ ካለው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ በመጣ በርሜል ውስጥ ቆይቷል። ሽታው መጀመሪያ አመድ ነው፣ ከዛ ከኋላ የተቆላ ቡናና ጥቁር ቸኮሌት ይመጣል፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ትንሽ መረር ይላል፣ መራራነቱ ግን ከጭሱ ጋር አይጣላም። ሀሳቡን ስሰማ ቀልድ ነበር የመሰለኝ፣ መጠጡ ግን ቀልድ አይደለም። ጋሼ አሽትተው "ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል" ብለው መለሱልኝ፣ ዓሣቸውን በሉ፣ ተኛን።

ረቡዕ

ከፖርት ኤለን ወደ ምስራቅ ባህሩን ተከትሎ የሚሄድ የእግረኛ መንገድ አለ፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሦስቱ ማውጫዎች መንገዱ ላይ በተራ ይመጣሉ። ጋሼ ጾም ስለሆነ ቁርስ ላይ ወተት ያልነካው ገንፎ ጠየቁ፣ የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት አጃውን በውሃና በጨው ብቻ ሰርታ አመጣችላቸውና የእኔም አያት እንዲህ ነበር የምትበላው ብላ ደስ አላት። ረቡዕና ዓርብ አልኮልም አይቀምሱም፣ ግን የሚደርሳቸውን አይተዉም! እነዚህ ቤቶች መንዳት ያለበት ሰው ድርሻውን ትንንሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ እንዲወስድ ይሰጡታል፣ ምክንያቱም ስኮትላንድ ውስጥ ለሹፌር የተፈቀደው የአልኮል መጠን ከእንግሊዝ ያነሰ ነው፣ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም፣ እንግሊዝ 80 ነው። ጋሼም በእግራችን መምጣታችንን ሳያነሱ የሹፌር ነው እያሉ ጠርሙሶቹን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሲያጠራቅሙ ዋሉ።

ላፍሮይግ ከ1815 ጀምሮ ያለ ነው። እዚህ ቤት የወደድኩት አሁንም ከገብሱ የተወሰነውን ራሳቸው መሬት ላይ ዘርግተው ብቅል ማድረጋቸው ነው፤ ብዙው ቤት ይሄን ከተወው ቆይቷል፣ ብቅሉን ከፋብሪካ ይገዛል፣ እዛው ፖርት ኤለን ውስጥ በ1973 የተሰራ ትልቅ ብቅል ፋብሪካ አለ። እዚህ ግን ሰፊ ቀዝቃዛ ወለል ላይ የራሰ ገብስ ተዘርግቶ በር በሚያህል የእንጨት አካፋ ይገለብጡታል። እጄን ከተትኩበት፣ ላዩ ቀዝቃዛ ነው፣ አንድ ጣት ወደ ውስጥ ስትል ሞቅ ይላል፣ እየበቀለ ስለሆነ ሙቀቱን የሚያመጣው ራሱ ገብሱ ነው፣ እና ከእያንዳንዷ ፍሬ ጫፍ ነጭ ስር ብቅ ብሏል።

ከዛ ወደ ማድረቂያው ወሰዱን። ፒት የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ፒት ማለት ረግረግ ውስጥ ውሃ ላይ እየተኛ ሳይበሰብስ የተጠቀጠቀ ሳርና ሞስ የሚባለው ለስላሳ የረግረግ ተክልና ቁጥቋጦ ነው፣ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያድገው ስለዚህ አንድ ሜትር ጥልቀት ማለት አንድ ሺህ ዓመት ማለት ነው አስቡት። እንደ ጡብ ቆርጠው ያደርቁትና እሳት ውስጥ ይጨምሩታል። ዛፍ ብዙም በሌለበት ደሴት ድሮ ማገዶው እሱ ነበር፣ ገብሱንም በሌላ ምን ያድርቁት! አስጎብኚዋ አንዱን አንስታ ሰጠችኝ፣ ከባድ መስሎኝ እጄን አጠንክሬ ስይዘው እንደ ምንም ቀለለኝ፣ ጫፉ ላይ ቀጫጭን ስሮች እንዳሉ ይታያሉ። ብቅሉ ገና እርጥብ እያለ ነው ጭሱን የሚይዘው፣ ከደረቀ በኋላ ብታጨሰው አይገባም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቀዝቀዝ ያለ ጭስ ለረጅም ሰዓት ይለቁበትና ከዛ በሙቅ አየር ያደርቁታል።

ጋሼ ይሄን ሁሉ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና "እናቴ የጠላውን ጋን በወይራ ስታጥን የነበረው ነው እኮ፣ እነዚህ ደግሞ እህሉን ያጥኑታል" አሉ። ለአስጎብኚዋ ተረጎምኩላት። ሴትየዋ ጋኑ ከምን እንደሚሰራ፣ ወይራው ስንት ደቂቃ እንደሚጨስ፣ ጠላው ስንት ቀን እንደሚቆይ ሁሉ ጠየቀቻቸው፣ እሳቸውም ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ፊታቸው ፈካ፣ ሌሎቹ ጎብኚዎች ቆመው እኛን እየጠበቁ።

የጭሱ መጠን የሚለካው ፒፒኤም በሚሉት ነው፣ ብቅሉ ላይ ያለው ፌኖል የሚባል ከጭሱ የሚመጣ ንጥረ ነገር መጠን ማለት ነው፣ ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደሆነ። ላፍሮይግ 40 እና 45 መሃል፣ አርድቤግ 55 አካባቢ። ይሄ ቁጥር ብቅሉ ላይ እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አይደለም፣ ሲፈላና ሲጣራ ብዙው እዛው ይቀራል። እዚህ የቀመስኩት ኳርተር ካስክ የሚሉትን ነው፣ የቡርቦን በርሜል ውስጥ ከቆየ በኋላ 125 ሊትር ገደማ ወደሚይዝ ትንሽ በርሜል ይገለበጣል። በርሜሉ ሲያንስ መጠጡ ከእንጨቱ ጋር የሚነካካው ይበዛል፣ ስለዚህ ቫኒላውና ጣፋጩ ቶሎ ይገባል። አዮዲን፣ የባህር አረም፣ ከዛ ሳይታሰብ የኮኮናት ሽታ። እንጨቱ ራሱ ያው ኦክ ነው፣ መጠኑ ነው የተቀየረው፣ እና እኔ እስካሁን ከቀመስኳቸው የበርሜል ብልሃቶች ይሄ በጣም ቀላሉም በጣም የሚሰራውም ነው።

ላጋቩሊን ጋ ብዙ አልቆየንም፣ ሞልቷል ተባልን፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን የፈረሰ ግንብ አይተን አለፍን።

አርድቤግ የድሮ ማድረቂያ ቤቱን ምግብ ቤት አድርጎታል፣ ጋሼ አትክልት ሾርባ አገኙ። ይሄ ቤት በ1981 ተዘግቶ ነበር፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመጠኑ ተከፈተና እየተንገዳገደ ቆይቶ በ1997 ግሌንሞራንጂ የሚባል ሌላ የውስኪ ኩባንያ ገዝቶ አዳነው፣ አሁን ደግሞ በየዓመቱ አንድ እንግዳ በርሜል ካላወጣ እንቅልፍ አይወስደውም። በ2017 ከጥቁር ባህር አካባቢ በመጣ ኦክ፣ በ2019 በሮም በርሜል፣ በ2020 በኒውዚላንድ ቀይ ወይን በርሜል፣ በ2024 በፖርት ወይን። በ2011 ደግሞ ትንሽ ወደ ጠፈር ጣቢያ ልከው ሁሉ ነበር፣ ያለ ስበት ከእንጨት ጋር ምን እንደሚሆን ለማየት። እኔ እንኳን ጠፈሩን ማርኬቲንግ ውስጥ ነው የምመድበው። የሮሙን ግን አንድ መለኪያ አገኘሁ፣ ድራም ነው ስሙ። ያልጠበቅኩት ነገር ሮሙ ስኳር አላመጣም፣ የበሰለ ሙዝና አናናስ የሚሉት አይነት ሽታ አምጥቶ ጭሱ ስር ቁጭ አለ፣ ከዛ ጭሱ ተመልሶ ይመጣና ይቆያል ይቆያል። ውሃ ጠብ ሲደረግበት ፍሬው ጠፋ፣ ያለ ውሃ ይሻላል።

ሐሙስ

ከፖርት ኤለን ወደ ቦሞር የሚወስደው መንገድ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነው፣ ግራና ቀኙ ረግረግ፣ አለፍ አለፍ እያለ የተቆረጠ ጥቁር ጠርዝ ይታያል። አስፋልቱ ራሱ ፒት ላይ ስለተኛ መኪናው ይወዛወዛል፣ ጋሼ ጎማ የፈነዳ መስሏቸው ሁለቴ ቆሙ። የሚመጣው ሹፌር ሁሉ ከመሪው ላይ ጣቱን አንስቶ ሰላም ይላል፣ መጀመሪያ ላይ ጋሼ ማን ነው ይሄ የሚያውቀኝ ሲሉ ነበር፣ ቦሞር ስንደርስ ግን እሳቸው ራሳቸው ቀድመው ሰላም የሚሉ ሆነዋል።

ቦሞር ላይ 1767 የተሰራ ክብ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሰይጣን የሚደበቅበት ጥግ እንዳያገኝ ነው ክብ ያደረጉት ይላሉ፣ ጋሼ በጣም ወደዱት። ውስኪ ማውጫው 1779 ነው፣ ከባህሩ ወለል ዝቅ ያለ መጋዘን አላቸው፣ ማዕበል ግድግዳውን እየመታ በርሜሎቹ ውስጥ ያርፋሉ። ሌላ መጋዘናቸውን ለመንደሩ ሰጥተው የመዋኛ ገንዳ ሆኗል፣ ውሃው የሚሞቀው ከማውጫው በሚተርፈው ሙቀት ነው። በ2015 የጃፓን ኦክ፣ ሚዙናራ በሚሉት፣ አንድ አውጥተው ነበር ግን ዋጋውን ስሰማ ጋሼ እንዳይሰሙ ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

ከሰዓት ወደ ሰሜን ምስራቅ፣ ከል ኢላ። ይሄን ቦታ ሳላስበው ነው የወደድኩት። ገደል ስር ነው፣ ማውጫ ጋኖቹ ያሉበት አዳራሽ በአንድ በኩል ሙሉ በሙሉ መስታወት ስለሆነ ስድስቱ የመዳብ ጋኖች ከነአንገታቸው ቆመው ከኋላቸው ጠባቡን ባህርና ማዶ ያለውን የጁራ ደሴት ተራራ ታያለህ፣ ውሃው መሃል ላይ በወንዝ ፍጥነት ነው የሚሮጠው። ታሪኩ ከ1846 ይጀምራል፣ አሁን ያለው ህንጻ ግን በ1970ዎቹ እንደ አዲስ የተሰራ ነው። እና እዚህ የሚወጣው ውስኪ ብዙው በስሙ አይሸጥም። የጆኒ ዎከር አንዱ ምሰሶ ነው፣ ብላክ ሌብል ውስጥ ያለችው የጭስ ሽታ በዋናነት ከዚህ ነው የምትመጣው።

አስጎብኚው ይሄን ሲል ጋሼን አየኋቸው። ምንም አላሉም። ትንሽ ቆይተው በአማርኛ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "እና ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን ነው የምጠጣው" አሉ። "አዎ ጋሼ፣ ይሄንን ነው የጠጡት" አልኳቸው። አዲስ አበባ ሰርግ ላይ ጠረጴዛ መሃል የምትቀመጠው ጠርሙስ ውስጥ የዚህ ገደል ጭስ አለ ማለት ነው፣ እኔም እያወቅኩት እዛ ቆሜ ስሰማው ሌላ ሆነብኝ።

እዚህ የቀመስኩት በሞስካቴል በርሜል የጨረሰውን ነው፣ ሞስካቴል ከሙስካት ወይን የሚሰራ ጣፋጭ የስፔን ወይን ነው። የከል ኢላ ጭስ ራሱ እንደ ላፍሮይግ አይጮህም፣ ንጹህ ነው፣ ሎሚ አለበት፣ ትንሽ የባህር ጨው አለበት። ሞስካቴሉ ላዩ ላይ ማርና የብርቱካን ልጣጭ አደረገበት፣ ብቻ በስሱ ነው ያደረገው፣ ስትውጠው መጨረሻ ላይ የሚቀረው አሁንም ጭሱ ነው። ለካ ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ይሄ ውስኪ አብዛኛውን ዕድሜውን በተለመደው በርሜል አሳልፎ መጨረሻ ላይ ነው ወደ እንግዳው የገባው፣ ስለዚህ ራሱን አውቆ ነው የሄደው።

ማታ እንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋሼ የኪሳቸውን ሁሉ ዘረገፉት። ዓርብ ሳይገባ ማለቅ አለበት አሉ፣ ሰዓቱን እያዩ። ጠርሙሶቹ ላይ ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል፣ ግማሹ ኪሳቸው ውስጥ ተፋፍቆ ጠፍቷል፣ ስለዚህ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳናውቅ ነው የቀመስነው፣ ይሄ ደግሞ ከመላው ጉዞ ምርጡ ፈተና ሆነ። እኔ ኳርተር ካስኩን አርድቤግ ነው አልኩ። ጋሼ አንዱን አሽትተው ወዲያው "ይሄ የዛሬው ነው፣ የገደሉ" አሉ፣ ስንፈትሸው እውነትም ከል ኢላ ነው። የገረመኝ ግን ከሁሉም የመረጡት ሞስካቴሉን አይደለም፣ የተለመደውን ያለ ምንም ማጣፈጫ ነው። "በርሜሉ ጭሱን ካቀፈው ጥሩ፣ ከሸፈነው ግን ምን ሊሰሩበት ነው ያን ሁሉ ፒት ያቃጠሉት" አሉኝ። እኔ ስንት ቀን በደብተር ስጽፍ የነበረውን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት።

ዓርብ

እንደገና የጾም ቀን፣ እንደገና የውሃ ገንፎ፣ ሴትየዋ ዛሬ ሳይጠየቁ ነው ያመጡት።

ወደ ምዕራብ ሄድን። መንገድ ላይ ማሳው ሁሉ በዝይ ተሞልቷል፣ ከግሪንላንድ ነው በጥቅምት የሚመጡት፣ ክረምቱን እዚህ ያሳልፋሉ፣ ገበሬዎቹ ሳሩን ይጨርሱብናል እያሉ ያማርራሉ።

ኪልሆማን እርሻ ነው የምር፣ ትራክተሩ በር ላይ ቆሞ። በ2005 ሲከፈት ደሴቷ ላይ አዲስ ማውጫ ሲሰራ ከ124 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ከፊሉን ገብስ ራሳቸው ይዘራሉ፣ ያበቅላሉ፣ ያጥናሉ፣ ያወጣሉ፣ ያሽጋሉ፣ ሁሉም እዛው። ወጣት ቤት ስለሆነ ወጣት ውስኪ ነው ያለው፣ እና የበርሜል ጨዋታ በደንብ የሚታየው እዚህ ነው ምክንያቱም ዕድሜ የሚሸፍነው ነገር የለም። መጋዘኑ ውስጥ ሰውየው የበርሜሉን ቡሽ በመዶሻ ከግራ ከቀኝ መታ መታ አድርጎ አስለቅቆ ረጅም ቱቦ ከተተ፣ አውራ ጣቱን ጫፉ ላይ አድርጎ ሳበው፣ ብርጭቆዬ ላይ ጣቱን ሲያነሳ ወረደ። ቀለሙ የጠገበ ወርቅ፣ ሶተርን በርሜል፣ የፈረንሳይ ጣፋጭ ነጭ ወይን ነው። ውሃ ያልነካው ስለሆነ ከንፈር ላይ ይቆነጥጣል። ኮክ፣ አፕሪኮት፣ ቅቤ ያለበት ኬክ፣ ከዛ አመድ። በጣም ወደድኩት፣ ጣፋጭነቱና ጭሱ ተራ በተራ ነው የሚናገሩት።

ቀጥሎ ሌላ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ከቀይ ወይን በርሜል ቀዱልኝ። ይሄ ሙሉ ዕድሜውን እዛ ውስጥ ነው የኖረው። ሽታው ክብሪት፣ የተቃጠለ ጎማ፣ ጣዕሙ ደግሞ ምላስ የሚያደርቅ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ ወይን ሰሪዎች ባዶ በርሜል እንዳይሻግት ውስጡ ድኝ ያጨሱበታል፣ በደንብ ካልወጣ ድኙ ከፒቱ ጋር ተደምሮ እንዲህ ይሆናል። ከቀይ ወይኑ የሚመጣው ማድረቅም አለ፣ ጭስ በራሱ ያደርቃል፣ ሁለት ደረቅ ነገር ተገናኘ ማለት ነው። አጠገቤ የነበረ ጀርመናዊ ግን ዓይኑን ጨፍኖ እያጣጣመ ነበር፣ እንግዲህ ምላስ እንደየሰው ነው።

ብሩክላዲ በ1994 ተዘግቶ በ2001 የተከፈተ ቤት ነው፣ አሮጌውን የቪክቶሪያ ዘመን ማሽን እንዳለ ይዞ፣ ኮምፒውተር ብዙም የለም፣ ሰው ነው የሚያንቀሳቅሰው። በስሙ የሚሸጠው ውስኪ ጭስ የለውም፣ ጭሳሞቹ ፖርት ሻርሎት እና ኦክቶሞር ናቸው። ኦክቶሞር ያው የዓለም ጭሳሙ ተብሎ የሚወራለት ነው፣ አንዱ እትሙ 8.3 የሚባለው ብቅሉ ላይ 309.1 ፒፒኤም ተለክቶበታል። ሰው ይሄን ቁጥር ሲሰማ አፉ የሚቃጠል ይመስለዋል፣ ግን የወይን በርሜል ውስጥ የነበረውን ኦክቶሞር ስቀምስ ከላፍሮይግ ያነሰ ነው ሆስፒታል ሆስፒታል ያለኝ፣ ወፍራም ነው፣ ዘይት ዘይት ይላል፣ ቀስ ብለው ስለሚያወጡት ነው ይሉሃል። ጭሱ ትልቅ ሲሆን በርሜሉን አያስፈራውም፣ ቀይ ወይኑ እዚህ ሲሆን እንጆሪ ሆኖ ነው የመጣው። ስለዚህ ቅድም ቀይ ወይን ላይ የተናገርኩትን ትንሽ ላለዝበው ነው፣ ችግሩ ወይኑ ብቻ አይደለም፣ የበርሜሉ ንጽህናና የመጠጡ ውፍረት ጭምር ነው።

ማታ ፖርት ሻርሎት ላይ ተኪላው ተገኘ። ይሄኛው አዲስ ነገር ነው፣ እስከ 2019 ድረስ ህጉ በልማድ የሚታወቁ በርሜሎችን ብቻ ነበር የሚፈቅደው፣ የተኪላ በርሜል ውስጥ ከተትክ ስኮች ብለህ መሸጥ አትችልም ነበር። በዛ ዓመት ሰኔ ላይ ደንቡ ሰፋ፣ ተኪላ፣ ሜዝካል፣ ካልቫዶስ፣ የቻይና ባይጂዩ ሁሉ ተፈቀደ፣ ኦክ እስከሆነ ድረስ። ካልተፈቀዱት ውስጥ ከባለ ድንጋይ ፍሬ፣ ማለትም እንደ ኮክና ፕለም ካለው የተሰራ አልኮል የነበረበት አለ። የቀመስኩት የ2023 ላጋቩሊን 12 ዓመት ነው፣ ዶን ሁሊዮ አኜሆ በሚባል ተኪላ በርሜል የጨረሰ። እንደ እውነቱ ከሆነ ብዙ አልጠበቅኩም ነበር። ተኪላ የሚሰራበት አጋቬ የሚባለው ተክል አብዛኛውን ጊዜ በእንፋሎት ነው የሚበስለው፣ ጭስ አያውቅም። ግን መጀመሪያ ጨው፣ ሎሚ፣ ቃሪያ ቢጤ አረንጓዴ ሽታ፣ ከዛ ላጋቩሊን ራሱ ከነሙሉ ክብሩ። ከጊነሱም ከሮሙም ከሶተርኑም አስቀድሜዋለሁ። ጋሼ አጠገቤ ሶዳ እየጠጡ "በጾም ቀን ነው ጥሩው የሚመጣው" ብለው ተቆጡ፣ ባለ ቤቱ የእሳቸውን በጠርሙስ አድርጎ ሰጣቸው።

ቅዳሜ

ንፋስ። የጠዋቱ ፌሪ ተሰረዘ፣ የከሰዓቱም ሊሰረዝ ይችላል አሉ፣ ጥቅምት ላይ እዚህ የሚመጣ ሰው አንድ ቀን ትርፍ ይዞ ይምጣ። በዛው ወደ ከል ኢላ ተመለስን፣ ጋሼ ናቸው ያሉት፣ የተለመደውን 12 ዓመት ገዙ፣ አንዱን ለራሳቸው አንዱን አዲስ አበባ ላለ ወንድማቸው፣ የማይገባው እንደሆነ እኔ ሄጄ አስረዳዋለሁ አሉ። እኔ ሞስካቴሉን ያዝኩ። ተኪላው ቢኖር እሱን ነበር፣ ሱቁ ውስጥ አልቋል።

ከሰዓት ፌሪው ተነሳ፣ በጣም እየተንገጫገጨ፣ ካፌው ውስጥ ሳህኑ ሁሉ ይንሸራተታል። ጋሼ የተኪላውን ጠርሙስ አሁን ልቅመሰው አሉኝ፣ ኬናክሬግ ስንደርስ የሚነዳው ማን ነው ስላቸው ተመልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ከዛ ካርታውን አውጥተው ከኬናክሬግ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ የት እንደሚያደርስ ጠየቁኝ። ካምቤልታውን ነው አልኳቸው፣ እዛም ሦስት ማውጫዎች አሉ፣ አንደኛው ስፕሪንግባንክ ይባላል፣ ብቅሉን በሙሉ ራሱ ነው የሚያበቅለው። "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" አሉ። ወደ 50 አካባቢ አልኳቸው። ነገ እሁድ ነው፣ ጾም የለም፣ ከቅዳሴ በኋላ ግን ቤት ሰው እንደሚጠብቀን አስታወስኳቸው፣ ለባለቤቴ አንተ ደውልላት ብለው ስልኩን ሰጡኝ።